ማሽላና ቦሎቄ በአንድ ማሳ፦ የስልክ ለስልክ ግንኙነትና የማማ ተጠቃሚ በወሎ ተራሮች መካከል አንድ ፍሪኩዌንሲ እንዴት ይጋራሉ?

ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የወጣ ሰው 30 ሜትር ርቆ ለቆመ ዘመዱ ፎቶ ሲልክ ፎቶው በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ማማው ይወጣል፣ ወደ ዋናው ኔትወርክ ይገባል፣ ከዚያ በማማው በኩል ተመልሶ ይወርዳል። ለ30 ሜትር መንገድ የሬዲዮው ቦታ ሁለት ጊዜ ተያዘ ማለት ነው። አምባው ላይ የሚሰበሰበው ምዕመን ብዛት ሲታሰብ ብክነቱ ቀላል አይደለም።

ሁለቱ ስልኮች ማማውን ሳያስቸግሩ እርስ በርስ ቢነጋገሩ ዲቱዲ (ዲቫይስ ቱ ዲቫይስ፣ መሣሪያ ለመሣሪያ) ይባላል። የራሱ ፍሪኩዌንሲ ቢቆረስለት ሥራው ቀላል ነበር፤ ግን ፍሪኩዌንሲ እንደ መሬት ነው፣ ለአንዱ ሲቆረስ ከሌላው ይጎድላል። የተሻለው መንገድ ማሽላ መካከል ቦሎቄ እንደሚዘራ ገበሬ ማሰብ ነው፦ ማሳው አንድ፣ ሰብሉ ሁለት፣ ቦሎቄው ግን ማሽላውን እንዳይሻማ መጠኑ የተለካ። ይህ መመሪያ ያንን መጠን ደረጃ በደረጃ ያሰላል። የተዘጋጀው ለመመረቂያ ሥራቸው ርዕሱን ለመረጡ የቴሌኮም ተማሪዎችና ለኔትወርክ ባለሙያዎች ነው። ሎጋሪዝም የሚያሰላ ካልኩሌተር፣ ሲሙሌሽን ለመሥራት ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያለበት ኮምፒውተር፣ ለልኬት አንድ አንድሮይድ ስልክ ይበቃል።

1. አፕሊንኩን ምረጡ

ዲቱዲ መጋራት ያለበት ስልክ ወደ ማማ የሚልክበትን ፍሪኩዌንሲ፣ አፕሊንኩን ነው። በዳውንሊንክ፣ ማማ ወደ ስልክ በሚልክበት፣ ማማው እስከ 46 ዲቢኤም፣ ማለትም 40 ዋት ያህል ያሰራጫል (ዲቢኤም ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር በሎጋሪዝም የሚያነጻጽር መለኪያ ነው፤ ዲቢ የሁለት ኃይሎች ልዩነት ነው፣ 10 ዲቢ አሥር እጥፍ)፤ አጠገቡ ያለ ደካማ የዲቱዲ ሲግናል በዚህ ይዋጣል። ከዚያ በላይ በዳውንሊንክ የሚረበሸው የሌላ ሰው ስልክ ነው፤ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። በአፕሊንክ ግን የሚረበሸው ተቀባይ አንድ ብቻ ነው፦ ቦታው የታወቀ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ረብሻውን ራሱ መለካት የሚችል ማማ። የሞባይል ኔትወርክ ደንቦችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት 3ጂፒፒ እ.ኤ.አ. በ2015 ባጠናቀቀው የደንብ እትም፣ ሪሊዝ 12፣ ዲቱዲን ወደ ኤልቲኢ (4ጂ) ሲያስገባ ያስቀመጠው በአፕሊንኩ ላይ ነው።

በዚያው ሪሊዝ ሁለት አሠራሮች አሉ። በሞድ 1 የትኛው ጥንድ በየትኛው ሪሶርስ ብሎክ (የፍሪኩዌንሲው ትንሽ ቁራሽ)፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚልክ ማማው ይወስናል። በሞድ 2 ስልኮቹ ከተፈቀደላቸው የብሎክ ክምችት ራሳቸው ይመርጣሉ። ከታች ያለው ስሌት ለሞድ 1 ብቻ ነው የሚሠራው፤ ማማው የማያውቀውን ጥንድ ኃይል ሊገድብ አይችልምና።

2. የአንድ ብሎክ ሒሳብ

ስሌቱን ሁሉ በአንድ ሪሶርስ ብሎክ አድርጉት። አንድ ብሎክ 12 ንዑስ ሞገዶች በ15 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም 180 ኪሎኸርዝ ነው፤ 10 ሜጋኸርዝ ያለው ማማ 50 ብሎክ አለው።

የተፈጥሮ ኖይዝ፣ ሙቀት የሚፈጥረው የሬዲዮ ጫጫታ፣ በአንድ ኸርዝ −174 ዲቢኤም ነው። በ180 ኪሎኸርዝ ሲባዛ −121.4 ዲቢኤም ይሆናል። ተቀባዩ መሣሪያ ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ አለ፦ ለማማ 5 ዲቢ፣ ለስልክ 9 ዲቢ ያዙ። ስለዚህ በማማው ላይ −116.4፣ በስልኩ ላይ −112.4 ዲቢኤም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከወረቀታችሁ ራስ ላይ ጻፉ፤ እስከ መጨረሻው ይፈለጋሉ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስልክ እስከ 23 ዲቢኤም ይልካል ሲባል ጠቅላላው ኃይል ነው። በ10 ብሎክ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ የሚደርሰው 13 ዲቢኤም ብቻ ነው። ጠቅላላውን ኃይል ከአንድ ብሎክ ኖይዝ ጋር ያነጻጸረ ሰው ውጤቱ በ10 ዲቢ ያማረ ይመስለዋል።

3. በመንገድ የሚጠፋውን ኃይል ለኩ

ሲግናል በመንገድ የሚያጣውን ኃይል ኪሳራ እንበለው። በመጻሕፍት የተለመዱት ሁለት ቀመሮች እነዚህ ናቸው፤ ር ርቀቱ በኪሎሜትር ነው።

ከስልክ ወደ ማማ፦ 128.1 + 37.6 × ሎግ ር
ከስልክ ወደ ስልክ፦ 148 + 40 × ሎግ ር

ሲሙሌሽን ለመጀመር ይበቃሉ። ወሎ ውስጥ ግን በእነዚህ ብቻ የሚተማመን ሰው ይሳሳታል፤ የዚህ መመሪያ ዋና ነገርም ይኸው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ በጦሳና በአዝዋ መካከል ተኝታለች። ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ርቀት ብቻውን ምንም አይናገርም። ጦሳ ጥግ ያለ ስልክ ከማማ በ600 ሜትር ላይ ሆኖ ኮረብታ ሊጋርደው ይችላል፤ ገደል አፋፍ ላይ የቆመው ደግሞ 5 ኪሎሜትር ርቆ ማማውን ፊት ለፊት ያያል።

በቁጥር እንየው። በ2 ጊጋኸርዝ፣ በ5 ኪሎሜትር፣ ምንም ሳይጋርድ ኪሳራው 112.4 ዲቢ ነው። ከላይ ያለው የማማ ቀመር ግን 154.4 ይላል። ልዩነቱ 42 ዲቢ፣ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ነው! በቀመሩ «ማንንም አይረብሽም» የተባለ የዲቱዲ ጥንድ ከአፋፉ ሆኖ ቁልቁል ያለውን የሌላ ሰፈር ማማ ሊያደነቁር ይችላል።

ስለዚህ ለኩ። ማማው በየጊዜው የሚልከው የማጣቀሻ ሲግናል አለ፤ ስልክ የሚቀበለው መጠን አርኤስአርፒ ይባላል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስለ ስልኩ የሚናገረው የሴቲንግ ገጽ፣ የሲም ሁኔታ ከሚለው ሥር በዲቢኤም ይታያል። ማማው የሚልከው የማጣቀሻ ኃይል 15 ዲቢኤም ቢሆንና ስልኩ −95 ቢያነብ፣ ኪሳራው 110 ዲቢ ነው። የማማው የአንቴና ትርፍ (አንቴናው ሲግናልን ወደ አንድ አቅጣጫ በመሰብሰብ የሚያጠነክርበት መጠን) በዚህ ውስጥ ተካቷል፣ ድጋሚ አትደምሩ። በአንድ ቦታ አንድ ጊዜ አንብባችሁ አትመለሱ፤ ጥቂት ሜትሮች እየተራመዳችሁ ከ10 እስከ 20 ንባብ ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ። የአፕሊንኩና የዳውንሊንኩ ፍሪኩዌንሲ ይለያያልና ቅጽበታዊ መዋዠቁ አንድ አይሆንም፤ አማካዩ ግን ይቀራረባል።

ስልኩ የሚያነበው የራሱን ማማ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤት ማማዎችንም ነው። እነሱንም መዝግቡ። አፋፍ ላይ ስትሆኑ ይህ ግዴታ ነው።

4. ማማው ስንት ይችላል?

አሁን ምሳሌ እንያዝ። ማማው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቆመ እንበል፤ ቦታው ለስሌት ነው። የአንቴናው ትርፍ 14 ዲቢ ይሁን። የዲቱዲ ጥንዱ ከማማው 800 ሜትር ይርቃል፣ በመካከላቸው 30 ሜትር አለ። የጥንዱ ላኪ ወደ ማማው ያለው ኪሳራ ትርፉ ተቀንሶ 110.5 ዲቢ ነው።

በዚያው ሰዓት በማማው በኩል የሚናገሩ ሦስት ተጠቃሚዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 10 ብሎክ ይዘዋል። ወይዘሮ ሀ ከማማው 700 ሜትር፣ አቶ ለ 1 ኪሎሜትር፣ ወይዘሮ መ 300 ሜትር ላይ ናቸው። ጥንዱ የማንን ብሎክ ይጋራ?

ከሀ እንጀምር። ኪሳራዋ 108.3 ዲቢ ነው። የማማ ተጠቃሚ ስልክ እንደፈለገው አይጮኽም፤ ኃይሉን በቀመር ይወስናል፦ በአንድ ብሎክ −80 ሲደመር 0.8 ጊዜ ኪሳራው። ሁለቱም ቁጥሮች ኦፕሬተሩ የሚያስቀምጣቸው ናቸው፤ እኛ ለምሳሌው የተለመደ መጠን ወስደናል። ሀ በአንድ ብሎክ 6.6 ዲቢኤም ትልካለች፣ በጠቅላላው 16.6፤ ከ23 በታች ስለሆነ ደህና ነው። ማማው ላይ −101.7 ዲቢኤም ሆኖ ይደርሳል።

ሀ የምትፈልገው ቢያንስ 10 ዲቢ ኤስአይኤንአር (ሲግናሏ ከኖይዝና ከረብሻ ድምር የሚበልጥበት መጠን) ነው እንበል። ስለዚህ ኖይዝና ረብሻ ተደምረው ከ−111.7 ዲቢኤም መብለጥ የለባቸውም። ኖይዙ ብቻውን −116.4 ወስዷል። የቀረው ስንት ነው? እዚህ ላይ ዲቢኤምን ከዲቢኤም አትቀንሱ። ሁለቱንም ወደ ሚሊዋት ለውጡ፣ ቀንሱ፣ መልሱ። የሚገኘው −113.5 ዲቢኤም ነው። ጥንዱ በማማው ላይ ሊያሳርፍ የሚችለው ረብሻ ጣሪያው ይህ ነው።

ከጣሪያው ወደ ላኪው እንመለስ፦ −113.5 + 110.5 = −3 ዲቢኤም በአንድ ብሎክ። ከዚህ ላይ መጠባበቂያ ይቀነሳል። ኪሳራውን ለክታችሁ ከሆነ 6 ዲቢ ይበቃል። ከቀመር ብቻ የወሰዳችሁት ከሆነ ግን የመሬቱ ጥላ፣ ኮረብታና ሕንፃ ሲግናልን የሚጋርዱበት መጠን፣ በ8 ዲቢ ያህል ይዋዥቃልና 6 ዲቢ የሚያድናችሁ ከ100 ቦታ በ77ቱ ብቻ ነው፤ 90ውን ለመሸፈን 10.3 ዲቢ ያስፈልጋል። እኛ ለክተናል ብለን በ6 እንሂድ፦ −9 ዲቢኤም በአንድ ብሎክ፣ በ10 ብሎክ 1 ዲቢኤም። ከአንድ ሚሊዋት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል! ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ይህ ምን ይሠራል?» ይላል። ለ30 ሜትር ይሠራል።

ማረጋገጫ፦ ጥንዱ በ−9 ሲልክ ማማው ላይ የሚያርፈው −119.5 ነው፤ የሀ ኤስአይኤንአር ከ14.7 ወደ 13 ዲቢ ወረደ። ማሽላው አልተጎዳም።

5. ጥንዱ ራሱ ይሰማማል?

ለማማው ብቻ ተጨንቆ እዚህ ላይ ማቆም የተለመደ ጉድለት ነው። ጥንዱም ይረበሻል፤ የሚረብሸው ሀ ናት። በ30 ሜትር ኪሳራው 87.1 ዲቢ ስለሆነ የጥንዱ ተቀባይ −96.1 ዲቢኤም ያገኛል። ሀ ከተቀባዩ በ100 ሜትር ላይ ካለች የእሷ ሲግናል −101.4 ሆኖ ይደርሰዋል። ከኖይዙ ጋር ሲደመር ኤስአይኤንአሩ 5 ዲቢ ብቻ ነው። በ10 ብሎክ 1.8 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ የቲዎሪው ጣሪያ በሰከንድ 3.7 ሜጋቢት ያህል።

ያንኑ ስሌት ለሌሎቹ ድገሙት። ለ ከጥንዱ 600 ሜትር ይርቃል። ከማማው ስለራቀ በአንድ ብሎክ 11.3 ዲቢኤም ይጮኻል፤ ማማው ላይም ደክሞ ይደርሳል፣ ስለዚህ ጥንዱ የሚፈቀድለት −10.8 ብቻ ነው። ቢሆንም ከጥንዱ ሩቅ ነውና የሚገኘው 14.4 ዲቢ፣ 8.7 ሜጋቢት ነው። መ ከጥንዱ 700 ሜትር ትርቃለች፣ ከማማው ቅርብ ስለሆነች በዝግታ ትናገራለች፤ ለጥንዱ −5.3 ይፈቀዳል፣ ውጤቱ 20 ዲቢ፣ 12 ሜጋቢት።

ሀን ከለ ጋር አነጻጽሩ። ሀ ለማማው ከለ ትቀርባለች፣ ለጥንዱም የበለጠ ኃይል ትፈቅዳለች፤ ግን ጎረቤት ስለሆነች ትረብሻለች። «ለማማው የቀረበውን ምረጥ» የሚለው አቋራጭ ሁልጊዜ አይሠራም። ሁለቱም መታየት አለባቸው፦ ተጠቃሚው ከማማው ያለው ቅርበትና ከጥንዱ ያለው ርቀት።

በሀና በጥንዱ መካከል ያለውን ኪሳራ ማማው ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። የጥንዱ ተቀባይ ሀ የምትልከውን ማጣቀሻ ሲግናል ለክቶ ለማማው መንገር አለበት። ይህ ሪፖርት ራሱ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ሁሉንም ተጠቃሚ አታስለኩ፤ ማማው ካለው መረጃ ተነስታችሁ አራት አምስት እጩ ምረጡና እነሱን ብቻ አስለኩ።

6. ማን ከማን ይጣመር?

ጥንዱ አንድ ከሆነ የተሻለውን መምረጥ ነው፣ አለቀ። ሁለት ሲሆኑ ግን መጣደፍ ያስከፍላል። ሁለተኛ ጥንድ ጨምሩ፤ ከመ ጋር 10 ሜጋቢት፣ ከለ ጋር 2 ሜጋቢት ያገኛል እንበል፣ ከሀ ጋር ጭራሽ አይሆንለትም። መጀመሪያ የመጣው ጥንድ መን ቢወስድ ድምሩ 12 ሲደመር 2፣ 14 ነው። የመጀመሪያው ለን፣ ሁለተኛው መን ቢወስዱ 8.7 ሲደመር 10፣ 18.7 ይሆናል።

ይህን ምደባ በትክክል የሚፈታው ሃንጋሪያን የሚባለው ዘዴ ነው፤ ኩን እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረበው። ሳይፓይ በተባለው የፓይተን የስሌት ጥቅል ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ፣ ራሳችሁ መጻፍ አያስፈልግም። ማድረግ ያለባችሁ ትልቁን ድምር እንዲፈልግ ማዘዝና ሠንጠረዡን መሙላት ነው፦ ረድፉ ጥንዶች፣ ዓምዱ ተጠቃሚዎች፣ በየሣጥኑ ሜጋቢቱ። የማይሆነው ጥምረት ላይ ዜሮ አስቀምጡ፣ ዘዴው ከጨረሰ በኋላ ዜሮ የደረሰውን ጥንድ ከመጋራት አውጡ። ባዶ ሣጥን ወይም ማለቂያ የሌለው ቁጥር ከተዋችሁ ፕሮግራሙ ይቆማል ወይም የማይረባ መልስ ይሰጣል።

7. ብዙ ጥንድ በአንድ ብሎክ

እንደ ግሸን ባለ ቦታ አንድ ብሎክ ለአንድ ጥንድ ብቻ መስጠት አይበቃም። ብዙ ጥንድ ሲጋራው ጣሪያው አይጨምርም፤ ይከፋፈላል። በእኩል ኪሳራ ላይ ያሉ 10 ጥንዶች ከሆኑ እያንዳንዳቸው 10 ዲቢ ዝቅ ይላሉ፤ የመጀመሪያው ጥንድ ከመ ጋር ከ−5.3 ወደ −15.3 ይወርዳል ማለት ነው። እርስ በርስ እንዳይረባበሹ ደግሞ መራራቅ አለባቸው፤ አምባ ላይ ተጠጋግቶ ለቆመ ሕዝብ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ በግሸን ዓይነት ቦታ መጋራቱን በልኩ አድርጉ፦ ከብሎኮቹ ጥቂቱን ለዲቱዲ ብቻ ቆርሱ። በተቆረሰው ላይ ጣሪያ የለም፤ ስልኩ በሙሉ 23 ዲቢኤም፣ በ10 ብሎክ ሲከፋፈል በአንዱ 13፣ ሊልክ ይችላል። ቢያንስ 5 ዲቢ ኤስአይኤንአር እንዲያገኝ ከተፈለገ ረብሻ በሌለበት እስከ 200 ሜትር ይደርሳል። መ ብሎኳን ስታጋራ ግን የመጀመሪያው ጥንድ የሚደርሰው እስከ 70 ሜትር ነው። ከዚያ የራቀ ጥንድ በማማው በኩል ይሂድ፣ ክርክር የለውም።

አፋፍ ላይ ላለ ጥንድ ከራሱ ማማ ጣሪያ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ የሚያየው ጎረቤት ማማ ጣሪያ አስሉና ትንሹን ያዙ። በ−9 ዲቢኤም የሚልከው ጥንድ 5 ኪሎሜትር ርቆ ፊት ለፊት በሚያየው ማማ ላይ፣ የአንቴናው 14 ዲቢ ትርፍ ተደምሮ፣ −107.4 ያሳርፋል፤ ከኖይዙ በ9 ዲቢ ይበልጣል። ለዚያ ማማ ማንም አልነገረውም፤ የሚያየው ምክንያቱ ያልታወቀ መዳከም ብቻ ነው። በተቃራኒው በኮረብታ የተከለለ ሸለቆ ውስጥ ያለ ጥንድ ቀመሩ ከሚሰጠው በላይ ኃይል ሊፈቀድለት ይችላል። ተራራው እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ ለመጋራት ተፈጥሮ ያቆመችው አጥር ነው።

8. ሲሙሌሽኑን ስትሠሩ

ተጠቃሚዎችን በማማው ዙሪያ ስትበትኑ ርቀቱን በቀጥታ ከዜሮ እስከ ራዲየሱ በዘፈቀደ አትምረጡ፤ መሐሉ ላይ ይከመራሉ። ከዜሮ እስከ አንድ ያለ የዘፈቀደ ቁጥር ስኩዌር ሩት አውጥታችሁ በራዲየሱ አባዙ። ከማማው ከ35 ሜትር የቀረበ ተጠቃሚ አታስቀምጡ፤ ቀመሩ እዚያ ትርጉም የለውም። ቢያንስ 1,000 ጊዜ ደግሙና አማካዩን ብቻ ሳይሆን የታችኛውን 5 ከመቶ አሳዩ። አማካዩ አምሮ የማማው ዳር ተጠቃሚ ድምፁ ቢቆራረጥ፣ የተሳካ መጋራት አይደለም።

የሰፈሩን ከፍታ ማስገባት የምትፈልጉ ከናሳ ኤስአርቲኤም የከፍታ ካርታ ጀምሩ፤ በ30 ሜትር ርቀት የተነጠበው በነፃ ይገኛል። በላኪና በተቀባይ መካከል መስመር ሳሉ፣ መሬቱ መስመሩን ከቆረጠው ተጋርዷል፣ ካልቆረጠው ፊት ለፊት ነው። ይህ አንድ ፍተሻ ብቻ ከላይ ያለውን የ42 ዲቢ ስሕተት አብዛኛውን ያድናል።

9. በሥራ ላይ ምን ይበላሻል?

የጥንዱ አባል በሐረጎ መንገድ በመኪና ሲወርድ ኪሳራው በአንድ ኩርባ ብዙ ዲቢ ይለወጣል። የሚንቀሳቀስ ጥንድን ከመጋራት አስወጡ፣ ወይም መጠባበቂያውን ጨምሩ። የቆሙትን ደግሞ ማማው በራሱ ይከታተል፦ የሀ ኤስአይኤንአር ከ10 ዲቢ ሲወርድ የጥንዱን ኃይል በ3 ዲቢ ይቀንስ፤ ካልተሻለ ብሎኩን ያስለቅቅ። መልሶ ለመስጠት ግን 10 ሲነካ አትቸኩሉ፤ 12 እስኪደርስ ይጠበቅ። በመካከል ክፍተት ከሌለ ጥንዱ በየሰከንዱ ሲገባና ሲወጣ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ሌላው ጊዜ ነው። ስልክ እየላከ በዚያው ፍሪኩዌንሲ መስማት አይችልም፤ ስለዚህ ጥንዱ የመላኪያና የመስሚያ ተራ ያስፈልገዋል። ብሎኮቹም ፍጹም የተለያዩ አይደሉም፤ በጥንዱ ተቀባይ አጠገብ፣ በሁለት ሦስት ሜትር ላይ፣ በሌላ ብሎክ በሙሉ ኃይል የሚናገር ስልክ ካለ ሲግናሉ ወደ ጥንዱ ብሎክ ይፈስሳል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ጥንዱ ካልሰማ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

10. በቤተ ሙከራ

ገበያ ላይ ያሉ ተራ ስልኮች ይህን አሠራር ለተጠቃሚ አይከፍቱም፤ ስለዚህ ሙከራው በሶፍትዌር የሚታዘዙ ሬዲዮዎች ላይ ነው የሚሆነው። በአየር አትልኩ። የሞባይል ፍሪኩዌንሲ በፈቃድ የተያዘ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንቴናውን አውልቃችሁ ሬዲዮዎቹን በኬብል አገናኙ። በመካከል አተኑዌተር (ሲግናልን የሚያዳክም ዕቃ) ሳታስገቡ ግን ማብሪያውን አትንኩ፤ ዩኤስአርፒ ቢ210ን የመሰለ መሣሪያ ከ10 ዲቢኤም በላይ ሊያወጣ ሲችል ሊቀበል የሚችለው ከፍተኛ −15 ዲቢኤም ነው። በ30 ዲቢ አተኑዌተር ጀምሩ፤ የ30 ሜትሩን 87 ዲቢ ለማስመሰል ሁለት ባለ 30 ደርባችሁ የቀረውን በመላኪያው ኃይል ቀንሱ። የረባሹን ሬዲዮ በኮምባይነር (ሁለት ሲግናል በሚያዋህድ ዕቃ) አስገቡ፣ ኃይሉን በ3 ዲቢ እየጨመራችሁ ጥንዱ መቼ እንደሚቋረጥ መዝግቡ፣ ከደረጃ 5 ስሌት ጋር አነጻጽሩ። ከ3 ዲቢ በላይ ከተለያየ ስሌቱን ሳትነኩ መጀመሪያ የኬብሉን ማያያዣዎች አጥብቁ።